አስፈራሚ እንጂ ጠባቂ ያላገኘው ጋሪንቻ

ችሎታው የማያጠያይቅ፣ ጠባዩ ግን የሚያስቸግር ተጫዋች ለዝውውር ሲቀርብ የክለብ ኃላፊዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን ጎሉንና የተመልካቹን ብዛት ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ የቀረባቸውን ልምምዶች፣ ያመሸባቸውን ሌሊቶችና በመልበሻ ክፍል ውስጥ ሊፈጠር የሚችለውን ቅሬታ ያሰላል። በእግር ኳስ ታሪክ ይህ ክርክር ደጋግሞ ከተነሳባቸው ተጫዋቾች መካከል ብራዚላዊው የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ጋሪንቻ አንዱ ነው። በእርሱ ጉዳይ ውሳኔ የሰጡ ክለቦችና አሰልጣኞች በርካታ ሲሆኑ፣ ውሳኔያቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያይ ነበር። (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሉ ስሙ ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ ሲሆን፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1933 በሪዮ ዲ ጄኔሮ ግዛት፣ በማጄ አካባቢ በምትገኘው ፓው ግራንዴ ተወለደ። ፓው ግራንዴ ኑሮዋ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዙሪያ የተመሠረተ ትንሽ ከተማ ነበረች። ጋሪንቻ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ትርጉሙም በአካባቢው የምትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ማለት ነው። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ እግሮቹ የተጣመሙ ነበሩ። ቀኙ ወደ ውስጥ፣ ግራው ወደ ውጭ የታጠፈ ከመሆኑም በላይ አንደኛው ከሌላው በበርካታ ሴንቲ ሜትር ያጥር ነበር። ኋላ ዓለም የተደነቀበት አብዶው የተሠራው በእነዚሁ እግሮች ነው፤ ኋላ ዕድሜውን ያሳጠሩት ችግሮችም በከፊል የተነሱት ከእነዚሁ እግሮች ነው።

በ14 ዓመቱ በከተማው ፋብሪካ ተቀጠረ። የሚያስደስት ሠራተኛ አልነበረም፤ ከማሽኑ ይልቅ ወንዙን፣ ዓሣ ማጥመዱንና ኳሱን ይመርጥ ነበር። በፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን የሚተካው ባለመኖሩ ግን አለቆቹ ስንፍናውን ችለው አቆዩት። አስቸጋሪውን ባለ ተሰጥኦ ይያዝ ወይስ ይሰናበት የሚለው ጥያቄ ስለ ጋሪንቻ መጀመሪያ የተነሳው እንግዲህ በስታዲየም ሳይሆን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሪዮ ትላልቅ ክለቦች ለሙከራ ሄዶ ነበር። ወደ ቫስኮ ዳ ጋማ ታኬታ ሳይዝ በመሄዱ እንደተመለሰ፣ ከፍሉሚኔንሴ ደግሞ ወደ ከተማው የሚመለሰው የመጨረሻ ባቡር እንዳያመልጠው ሙከራው ሳይጠናቀቅ ትቶ እንደወጣ ይተረካል። ለክለቦቹ ኃላፊዎች በሁለቱም ቀን የታያቸው ታኬታ የሌለውና ሰዓት የማያከብር፣ እግሩም የተጣመመ የገጠር ልጅ ነበር።

በ1953 በቦታፎጎ ክለብ የተደረገለት ሙከራ ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። በልምምዱ ላይ በተቃራኒው እንዲሰለፍ የተደረገው የብራዚል ብሔራዊ ቡድን የግራ መስመር ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ ነበር። የ19 ዓመቱ ወጣት ዝነኛውን ተከላካይ በአብዶ አታሎ ደጋግሞ አለፈው። ሳንቶስ ከልምምዱ በኋላ ቅር ከመሰኘት ይልቅ ልጁ ሳይውል ሳያድር እንዲፈርም ለክለቡ አሳሰበ። በተቃራኒ ቡድን ማሊያ ሊገናኘው አልፈለገምና። ጋሪንቻም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ከቦንሱሴሶ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታው ሦስት ጎሎች አስቆጠረ።

ቦታፎጎ በዚህ ፊርማ ያተረፈውን መቁጠር ቀላል ነው። በ1957፣ በ1961 እና በ1962 የሪዮ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1957 ዋንጫውን ያነሳው ፍሉሚኔንሴን 6 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ ነው። ከዋንጫውም ሌላ ክለቡ በላቲን አሜሪካና በአውሮፓ እየተዘዋወረ የወዳጅነት ጨዋታ በማድረግ ጠቀም ያለ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ጋሪንቻ በቡድኑ ውስጥ መኖሩ የክፍያውን መጠን ከፍ ያደርገዋል። በ1958 መጀመሪያ ላይ በሜክሲኮ ከተማ ከአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት ጋር በተደረገው ግጥሚያ፣ ጋሪንቻ ተከላካዩን ባለፈው ቁጥር ተመልካቹ እንደ በሬ ትግል ሜዳ ኦሌ እያለ ይጮህ እንደነበር ይነገራል።

ተጫዋቹ ራሱ ከዚህ ገቢ የደረሰው ግን ትንሽ ነው። ደመወዙ ያልተሞላበትን የውል ወረቀት ፈርሞ ለኃላፊዎች ይተውላቸው እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። በአንጻሩ ችግሩም አልጠፋም። ልምምድ ይቀራል፤ ወደ ትውልድ ከተማው ሄዶ ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር ካሻሳ የተባለውን የሸንኮራ አገዳ አረቄ ሲጠጣ ይቆያል። አባቱም በመጠጥ የተጎዱ ሰው ነበሩ። ክለቡ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጋሪንቻ ቅዳሜ ወይም እሁድ ሜዳ ላይ እስከተገኘ ድረስ ግን በቀሩት ቀናት ምን እንደሚሆን አጥብቆ የሚጠይቀው አልነበረም።

ክርክሩ ከክለብ አልፎ አገራዊ የሆነው ለ1958ቱ የስዊድን የዓለም ዋንጫ ዝግጅት ሲደረግ ነው። በቀኝ ክንፍ ሊሰለፍ ይችል የነበረው ጁሊንሆ በዚያን ጊዜ ለጣሊያኑ ፊዮሬንቲና ይጫወት ስለነበር፣ በአገር ውስጥ ያሉት ሊቀድሙ ይገባል በሚል ጥሪውን ሳይቀበል ቀረ። ብራዚል ወደ ስዊድን ስታመራ በፍሎረንስ ከዚሁ ክለብ ጋር ባደረገችው የዝግጅት ጨዋታ ጋሪንቻ ተከላካዮቹንና በረኛውን ካለፈ በኋላ ባዶ ግብ ፊት ቆመ። አንድ ተከላካይ ሮጦ እስኪደርስበት ጠብቆ እርሱንም አታሎ ካለፈ በኋላ ኳሷን እየነዳ ወደ መረቡ አስገባት። ብራዚል 4 ለ 0 አሸነፈች። አሰልጣኞቹ ግን በጎሉ አልተደሰቱም። ይህን የመሰለ ቀልድ በዓለም ዋንጫ ላይ ቢደገም ምን ይውጠናል የሚል ስጋት አደረባቸው። ስጋታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ አገሪቱ በ1950 በገዛ ሜዳዋ በኡሩጓይ ከተሸነፈች ገና 8 ዓመቷ ነበር።

የቡድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆአዎ ካርቫልያስ ደግሞ ለተጫዋቾቹ ፈተና ሰጥተው ነበር። ጋሪንቻ ከ123 ነጥብ ያገኘው 38 ብቻ ሲሆን፣ ይህም በሳኦ ፓውሎ ለአውቶቡስ ሾፌርነት ከሚጠየቀው በታች እንደነበር ይነገራል። ባለሙያው ጋሪንቻ ለታላላቅ ግጥሚያዎች ብቁ አይደለም ሲሉ፣ የ17 ዓመቱን ፔሌንም ገና ልጅ ነው በማለት እንዳይሰለፍ መክረዋል። ፈተናው ማሽከርከርን ይመዝን እንደሆነ እንጂ የመስመር ተከላካይን እንዴት ማለፍ እንደሚቻል የሚመዝንበት መንገድ አልነበረውም።

ብራዚል ኦስትሪያን 3 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ከእንግሊዝ ጋርም ያለ ጎል ስትለያይ ጋሪንቻ አልተሰለፈም። ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ሦስተኛ ጨዋታ ግን ዋና አሰልጣኙ ቪሴንቴ ፌዮላ ምክሩን ወደ ጎን አድርገው ሁለቱንም አሰለፉ። ጁን 15 ቀን 1958 በጎተንበርግ ከተማ ጨዋታው እንደተጀመረ ጋሪንቻ ተከላካዮቹን አልፎ የመታት ኳስ የግቡን ቋሚ መታች። ወዲያው ፔሌ የመታትም በግቡ ብረት ተመለሰች፤ በሦስተኛው ደቂቃ ቫቫ የመጀመሪያውን ጎል አስቆጠረ። ውጤቱ 2 ለ 0 ነበር። በፍጻሜው ስዊድን ቀድማ ብታስቆጥርም፣ ጋሪንቻ ከቀኝ መስመር አልፎ ያሻገራቸውን ሁለት ኳሶች ቫቫ ጎል አደረጋቸው። ብራዚልም 5 ለ 2 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ፔሌና ጋሪንቻ አብረው በተሰለፉበት ጨዋታ ብራዚል አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም።

ከአራት ዓመት በኋላ በቺሊ ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ሲወጣ ቡድኑን የተሸከመው አስቸጋሪው ጋሪንቻ ነበር። በሩብ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ ሁለት፣ በግማሽ ፍጻሜው አስተናጋጇ ቺሊ ላይ ሁለት ጎል አገባ። ከቺሊ ጋር በነበረው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ግን ሲጎሽመው የዋለውን ተጫዋች መልሶ በመምታቱ ዳኛው ከሜዳ አሰናበቱት። ሲወጣም ከተመልካች በተወረወረ ነገር ጭንቅላቱ ቆሰለ። ወዲያውኑ አንድ አገር በሙሉ ሊሟገትለት ተነሳ። የብራዚል ጠቅላይ ሚኒስትር ታንክሬዶ ኔቬስ ለፊፋ ቴሌግራም ላኩ፤ ድርጊቱን በቅርብ ያየው የመስመር ዳኛም በዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ሳይቀርብ ቀረ። ጋሪንቻ በፍጻሜው እንዲጫወት ተፈቀደለት። ትኩሳት እያመመው የተሰለፈ ሲሆን፣ ብራዚል ቼኮዝሎቫኪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ደገመች።

የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ ከሁሉ በላይ የሚያስተዛዝበው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ብሎ ያምናል። ለአንድ ጨዋታ ሲባል መንግሥት የተንቀሳቀሰለት ሰው፣ ጉልበቱ ሲታመም መርፌ እየተወጋ ወደ ሜዳ ይመለስ ነበር። የተጣመመው እግሩ በየአብዶው የሚሸከመው ጫና የጉልበቱን ልም አጥንት ጨርሶት ነበር። በ1964 ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም የቀድሞ ፍጥነቱ አልተመለሰም። በዚሁ ጊዜ ስምንት ሴት ልጆች የወለደችለትን ባለቤቱን ትቶ ከዘፋኟ ኤልዛ ሶአሬስ ጋር መኖር በመጀመሩ ሕዝቡ ሁለቱንም አወገዛቸው፤ ከእርሱ ይልቅም እርሷ ላይ በረታ። ጋሪንቻ ሲያሸንፍ ያላስጨነቀው መጠጥ ሲዳከም በየጋዜጣው ወሬ ሆነ።

በ1966 ቦታፎጎ ለሳኦ ፓውሎው ኮሪንቲያንስ ሸጠው። ይህ ውሳኔ ከሁሉም ያስገርማል። ወጣት፣ ጤነኛና ርካሽ ሳለ በታኬታ እጦት የተመለሰው ሰው፣ 32 ዓመት ሞልቶት ጉልበቱ ከተበላሸ በኋላ በከፍተኛ ዋጋ ገዢ አገኘ። ኮሪንቲያንስ የገዛው ስሙን ነበር፤ ጥቂት ጨዋታዎች ተሰልፎ ተለያዩ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ቡልጋሪያ ላይ በቅጣት ምት ጎል ቢያስቆጥርም፣ ብራዚል በሃንጋሪ 3 ለ 1 ተረታች። በብሔራዊ ቡድን ማሊያ ከተጫወታቸው 50 ግጥሚያዎች የተሸነፈበት ይህ ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻውም ሆነ።

ኋላ ፍላሜንጎና ኦላሪያ ተቀብለውት ነበር። በ1969 ሲያሽከረክር በደረሰ የመኪና አደጋ የኤልዛ እናት ሞቱ። ይህ ሐዘን መጠጡን አባባሰው። ከዚያም ከኤልዛ ጋር ወደ ጣሊያን ሄዶ ለተወሰነ ጊዜ የብራዚልን ቡና በማስተዋወቅ ሥራ ተሰማርቶ ነበር። ዲሴምበር 19 ቀን 1973 በማራካና ስታዲየም በተዘጋጀለት የስንብት ጨዋታ ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኝቷል። በ1977 በመጠጥ ኃይል ስለመታት ኤልዛ ትታው ሄደች። በ1980 በሪዮ ካርኒቫል በማንጌራ የሳምባ ማኅበር ሰረገላ ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ያዩት ሰዎች፣ ፈዞ የቀረውን ሰውዬ ለመለየት ተቸግረው ነበር።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1983 በሪዮ ሆስፒታል ውስጥ በመጠጥ ምክንያት በደረሰበት የጉበት በሽታ በ49 ዓመቱ አረፈ። ያለፉትን ዓመታት ሆስፒታል ሲገባና ሲወጣ የቆየ ሲሆን፣ እጁም ባዶ ነበር። አስከሬኑ በማራካና እንዲሰናበቱት ከተደረገ በኋላ በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ ወደ ትውልድ ቦታው ተወሰደ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ ሸኝቶታል።

በሕይወቱ ላይ የተጻፉትን ስናገላብጥ ስለ ቦታፎጎ የሚነሳው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ክለቡ ባያስፈርመው ኖሮ ዋንጫዎቹም፣ ምናልባት የ1958ቱ የብራዚል ድልም ባልነበሩ። ስለዚህ ፊርማው ስህተት ነበር የሚል ሰው አይገኝም። ነገር ግን ክለቡ በዚያ ወረቀት ላይ የገዛው የእሁዱን 90 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ቆጠረ። አብረውት የመጡትን ጉልበት፣ መጠጥና የገንዘብ ጉዳይ የማያውቅ ልብ እንደ ሰውየው የግል ጉዳይ ተዋቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያው እንኳ የተቀጠሩት ሊሰለፍ ይችላል ወይስ አይችልም ብለው ነጥብ እንዲሰጡ እንጂ እንዲረዱት አልነበረም። ጋሪንቻን ችግረኛ ያደረገው ክለቡ ነው ማለት ግን አይደለም። ሚስቱን፣ ልጆቹንና ኤልዛን የጎዳው ራሱ ነው፤ ይህንንም የእሁዱ ጎል አያስተሰርይለትም።

በዋና ከተማዋ ብራዚሊያ የሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም በስሙ የሚጠራ ሲሆን፣ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በከፍተኛ ወጪ እንደ አዲስ ተገንብቷል። ኤልዛ ሶአሬስ እርሱ በሞተበት ዕለት፣ ልክ በ39ኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 አርፋለች። በማጄ መካነ መቃብር ያለውን የጋሪንቻን አጽም በተመለከተ ደግሞ በ2017 ቤተሰቦቹ በትክክል የት እንዳረፈ ሊያውቁ እንዳልቻሉ ገለጹ፤ የመቃብር ሥፍራው መዝገብም መልስ አልሰጣቸውም።