ሊቁን የጠየቁት ተማሪ፤ የኤድዊን ሆል የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ክረምት በሀዋሳ ከተማ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ በአንድ ወዳጃችን ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ወዳጃችን በኮምፒዩተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ፣ ሲኤንሲ የሚባል መኪና በገዛ እጁ ሠርቷል። ሞተሮቹን ከተጣሉ የፎቶ ኮፒ መኪናዎች ፈትቶ፣ ሐዲዱን ከአሉሚኒየም አበጅቶ፣ የቤት ዕቃ ጌጥ እየቀረጸ እንጀራውን ሊያገኝበት አስቧል። መኪናው የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንገዱ የት ላይ እንደሚያበቃ አያውቅም።

ስለዚህ በሐዲዱ ጫፍ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ባለ ሦስት እግር ሴንሰር አኖርን። በአንደኛው እግር ኮረንቲ ይገባል፣ በሁለተኛው ይመለሳል፣ ሦስተኛው ምልክት ይሰጣል። ቆራጩን በተሸከመው ተንቀሳቃሽ ክፍል ላይ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ለጠፍን። ማግኔቱ ሲቀርብ ሴንሰሩ ምልክት ሰጥቶ ሞተሩን ማስቆም ነበረበት። ነገር ግን አላስቆመም። ተንቀሳቃሹ ክፍል ሄዶ ከጫፉ ብረት ጋር ተጋጨ፤ ቆራጩም ተሰበረ፤ ወዳጃችን ለደንበኛ ሊያስረክበው የነበረው የሳምንት ሥራ ተበላሸ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ያ ዓይነት ሴንሰር የሚሰማው አንዱን የማግኔት ዋልታ ብቻ ሲሆን፣ እኛ ማግኔቱን ገልብጠን ለጥፈነው ኖሯል። ዲግሪ ይዘን ይህን አለማወቃችን ስላሳፈረን፣ ሴንሰሩ በስማቸው የሚጠራውን ሰው ታሪክ መመርመር ጀመርን።

እኒህ ሰው ኤድዊን ኸርበርት ሆል ናቸው። የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በሜይን ግዛት፣ ጎርሃም በሚባል ስፍራ ነው። ከዚህ በታች የምናወሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1875 ከቦውዶይን ኮሌጅ ተመርቀው፣ ሁለት ዓመት ያህል በትምህርት ቤት አስተዳደር ከሠሩ በኋላ፣ በ1877 በባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ ገቡ። በዚያም የፊዚክስ መምህራቸው ሄንሪ ሮውላንድ ነበሩ።

በዚያን ዘመን የኤሌክትሪክና የማግኔት ትምህርት አባት ተደርገው የሚታዩት የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነበሩ። ማክስዌል በ1873 ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ፣ ማግኔት ኮረንቲ በተሸከመ ሽቦ ላይ የሚያሳድረው ግፊት የሚያርፈው በሽቦው ላይ እንጂ በውስጡ በሚያልፈው ኮረንቲ ላይ አይደለም ብለው ጽፈው ነበር። ወጣቱ ሆል ይህን ሲያነቡ ነገሩ ከአእምሯቸው ጋር አልስማማ አለ። ሽቦው ኮረንቲ ከሌለበት ማግኔቱ አይነካውም፤ እንግዲህ የግፊቱ ምክንያት ኮረንቲው ከሆነ፣ ግፊቱ ስለምን ኮረንቲውን አያገኘውም ሲሉ አሰቡ። ጥቂት ቆይተውም ኤድሉንድ የተባሉ የስዊድን ሊቅ ከማክስዌል የተለየ ሐሳብ ጽፈው ስላገኙ፣ ጥያቄያቸውን ለመምህራቸው አቀረቡ።

እዚህ ላይ የሮውላንድን ጠባይ ልናመሰግን ይገባናል። የታወቀውን ሊቅ ትጠራጠራለህን ብለው ተማሪያቸውን አልገሠጹም። እርሳቸውም ራሳቸው በዚያ ነገር ጥርጣሬ እንደነበራቸው፣ አንድ ጊዜም ሞክረው እንዳልተሳካላቸው ገልጸው፣ ተማሪያቸው ምርመራውን እንዲቀጥሉ ፈቀዱ።

የሆል የመጀመሪያ ሙከራ ከሸፈ። ማግኔቱ ኮረንቲውን ወደ አንድ ጎን የሚገፋው ከሆነ፣ የኮረንቲው መንገድ ጠብቦ ሽቦው ለኮረንቲው ያለው እንቅፋት መጨመር ይኖርበታል ብለው ቢለኩ፣ ምንም ለውጥ አላገኙም። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉ ትክክል ነው ብሎ በተወው ነበር። ሆል ግን አሳባቸውን አረሙት። በመስኖ ቦይ የሚወርድ ውኃን ነፋስ ወደ አንድ ዳር ቢገፋው፣ ውኃው ከቦዩ አይወጣም፤ ነገር ግን በዚያ ዳር ከፍ፣ በወዲያኛው ዳር ዝቅ ይላል። እንዲሁም ኮረንቲው መንገዱን ባይለቅ እንኳ በሁለቱ ዳሮች መካከል የኃይል ልዩነት መኖር አለበት ብለው ደመደሙ።

በ1879 በጥቅምት ወር፣ በስሱ የተቀጠቀጠ ወርቅ በመስተዋት ላይ ለጥፈው በማግኔት ዋልታዎች መካከል አኖሩት። በርዝመቱ ኮረንቲ ሰደዱበት፤ ከግራና ከቀኝ ዳሩም ሁለት ሽቦዎች አውጥተው ጋልቫኖሜትር ከሚባለው ስስ መለኪያ ጋር አያያዙ። ማግኔቱ ሲሠራ መለኪያው ተንቀሳቀሰ፤ የማግኔቱን ዋልታዎች ሲያገላብጡ ደግሞ በተቃራኒው ዞረ። ሆል በዚያን ጊዜ 24 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ማክስዌል በኖቬምበር 5 ቀን 1879 ስላረፉ፣ ጽሑፋቸው የታረመበትን ሥራ ለማየት አልታደሉም። በእኛ አገር ዘመኑ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበር።

ግኝቱ ከዘመኑ ቀድሞ ሄደ። የኮረንቲው ተሸካሚ የሆነው ኤሌክትሮን የታወቀው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው። በወርቅ ላይ የታየው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ለብዙ ዘመን ከላቦራቶሪ አልወጣም፤ ወደ ሥራ የገባው በ20ኛው መቶ ዓመት ሴሚኮንዳክተር የሚባሉት ቁሶች ለሥራ ከዋሉ ወዲህ ነው። ዛሬ የሆል ሴንሰር በመኪና ሞተር ውስጥ መዞርን ይቈጥራል፤ በብዙ የእጅ ስልኮች ውስጥ አቅጣጫ ያመለክታል። ሳይነካካ ስለሚሠራም በመፈጋፈግ አያልቅም፤ የእንጨት ብናኝም አያስቸግረውም።

ሆል በ1880 የዶክትርና ማዕርግ ተቀብለው፣ በ1881 በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1895 ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1921 ጡረታ ወጡ። በሃርቫርድ የሠሩት ትልቁ ሥራ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ተማሪ ፊዚክስን በቃሉ እያጠና ያልፍ ነበር። ሆል በ1880ዎቹ ዓመታት፣ በቀላል መሣሪያ ሊሠሩ የሚችሉ 40 ሙከራዎችን ለትምህርት ቤቶች አዘጋጁ። በዚህ መንገድ ወደ ሃርቫርድ ሊገባ የሚሻ ተማሪ ሙከራዎቹን በገዛ እጁ ሠርቶ ደብተሩን ማቅረብ ነበረበት። በ1937 የአሜሪካ የፊዚክስ መምህራን ማኅበር በኤርስቴድ ስም የሚሰጠውን ሜዳይ የሸለማቸው ስለ መምህርነታቸው ነው። በኖቬምበር 1938፣ በ83 ዓመታቸው አረፉ። ያን ጊዜ አገራችን በጠላት ወረራ ሥር ነበረች፤ የዛሬዋ ሀዋሳ ከተማም ገና አልተቈረቈረችም።

ከዚህ ታሪክ ተማሪው ሊወስደው የሚገባው፣ መጽሐፍን መናቅ አይደለም። ሆል ማክስዌልን በጥንቃቄ ስላነበቡ ነው ስሕተቱን ያዩት፤ ከጠየቁም በኋላ መልሱን በአፍ ሳይሆን በእጅ ፈለጉት፤ ሲከሽፍባቸውም አሳባቸውን እንጂ ሥራቸውን አልተዉም። በሥራ ላይ ያለው ወጣት ሹም ደግሞ ሮውላንድን ያስብ። ከበታቹ ያለው ሰው የሚያቀርብለት ጥያቄ እርሱ ራሱ ያልተሳካለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በር መዝጋት ቀላል ነው፤ በር በመክፈቱ ግን የተማሪው ስም ከመምህሩ ስም ጋር ለዘለዓለም ይነሣል።

እኛም ወደ ወዳጃችን ግቢ ተመልሰን፣ ማግኔቱን ገልብጠን በድጋሚ ለጠፍነው። ከመለጠፋችን በፊት ግን በእጃችን እያቀረብንና እያራቅን፣ ፊቱን እያዟዟርን፣ ሴንሰሩ የሚሰጠውን ምልክት አንድ በአንድ በደብተር ጻፍን። ተንቀሳቃሹ ክፍል በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ መጣ፤ ከጫፉ ሁለት ጣት ሲቀረውም ቆመ። ለተሰበረው ቆራጭ ዋጋ ከየኪሳችን አዋጣን።