ካርል ላንድስታይነር እና በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚገኙ ተፈጥሯዊ ፀረ እንግዳ አካላት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰው ወደ ሰው ደም የማስተላለፍ ሙከራ አንዱን ሕመምተኛ ሲያድን ሌላውን ይገድል ነበር። ለጋሽና ተቀባይ አስቀድሞ የሚመዘኑበት መስፈርት አልነበረም። የዚህን ልዩነት ምክንያት ያገኘው ካርል ላንድስታይነር ግን የተነሣው ከሕመምተኛ አልጋ ሳይሆን ከአንድ የላቦራቶሪ ጥያቄ ነው።

ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1868 በቪየና አቅራቢያ ተወለደ። ጋዜጠኛ የነበረው አባቱ ሲሞት ዕድሜው ስድስት ዓመት ነበርና ያሳደገችው እናቱ ናት። በ1891 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቀ በኋላ፣ ኤሚል ፊሸርን ጨምሮ ከዘመኑ ስመ ጥር ኬሚስቶች ዘንድ ኬሚስትሪ አጠና። ይህም ደምን በኬሚስት ዓይን እንዲመረምር አስቻለው።

በዚያን ጊዜ የአንድ ሰው ሴረም የሌላውን ሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ሲያጓጉል ይታይ ነበር፤ ነገር ግን ክስተቱ በአብዛኛው የበሽታ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ላንድስታይነር በ1900 ባሳተመው ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ክስተቱ በጤነኞችም ዘንድ እንዳለ አመለከተ። ቀጥሎም የራሱንና የባልደረቦቹን ደም ወስዶ ሴረሙን ከሕዋሳቱ ለየ፤ የእያንዳንዱን ሰው ሴረም ከእያንዳንዱ ሰው ሕዋሳት ጋርም ቀላቀለ። መጓጎሉ በዘፈቀደ የሚከሰት ሳይሆን ሥርዓት ያለው ሆኖ ተገኘ። በ1901 ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ሦስት የደም ዓይነቶችን ለየ፤ ሲ የተባለው ኋላ ኦ ተብሏል። በ1902 አልፍሬድ ፎን ዴካስቴሎ እና አድሪያኖ ስቱርሊ ዛሬ ኤቢ የሚባለውን አራተኛውን ዓይነት ጨመሩ።

የግኝቱ እምብርት ግን ከምደባው ይልቅ ምደባውን የሚገዛው ሕግ ነው፦ ሴረም የሚይዘው በራሱ ሕዋሳት ላይ በሌለው አንቲጂን ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል ነው። የኤ ዓይነት ደም ያለው ሰው የሌላ ሰው ደም ወስዶ ባያውቅም በቢ አንቲጂን ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል አለው። ይሁንና ተፈጥሯዊ ማለት ከልደት ጀምሮ ያለ ማለት አይደለም። ሕፃናት እነዚህን ፀረ እንግዳ አካላት ራሳቸው ማምረት የሚጀምሩት ከተወለዱ ከወራት በኋላ ነው፤ ለዚህም ዋነኛ ቀስቃሽ ተደርገው የሚታሰቡት ከኤና ከቢ አንቲጂኖች ጋር የሚመሳሰሉ ስኳሮችን የያዙ የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ላንድስታይነር በ1919 በጦርነት ከደቀቀችው ቪየና ወደ ሄግ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርኩ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ተሻገረ። በ1927 ከፊሊፕ ሌቪን ጋር ኤም፣ ኤን እና ፒ የተባሉትን አንቲጂኖች አገኘ። የ1901ዱ ግኝት የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት በ1930 ነው። በ1940 ደግሞ ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር የአርኤች አንቲጂንን ይፋ አደረገ። በዚህ አንቲጂን ላይ የሚነሡት ፀረ እንግዳ አካላት ግን እንደ ቀደሙት አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠሩት አንቲጂኑ የሌለው ሰው በደም ልገሳ ወይም በእርግዝና አማካይነት ከአንቲጂኑ ጋር ሲገናኝ ነው። የኤ-ቢ-ኦ አለመጣጣም በመጀመሪያው ልገሳ እንኳ ሊገድል የሚችለው፣ ፀረ እንግዳ አካላቱ አስቀድመው በተቀባዩ ደም ውስጥ ስላሉ ነው።

ላንድስታይነር በላቦራቶሪው ሥራ ላይ ሳለ በልብ ሕመም ተመትቶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጁን 26 ቀን 1943 ዐረፈ። ደም ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው የተስማሚነት ምርመራ ዛሬም የሚመሠረተው እርሱ በጤነኞች ደም ውስጥ ባገኘው ሕግ ላይ ነው።