ውቤ ኃይለ ማርያም

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ሰሜንን፣ ወልቃይትንና ትግራይን የገዙ የሰሜን መስፍን ነበሩ። ወደ ምፅዋ የሚወስደውን መንገድ በመያዛቸው በዘመኑ ከነበሩት መሳፍንት ሁሉ ይልቅ ብዙ ጠመንጃ ማከማቸት ችለው ነበር። ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በገዛ አገራቸው፣ ደረስጌ ላይ፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ተሸንፈው ተማረኩ። ካሣም ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ በእስር ቆይተው በ1867 እ.ኤ.አ. አረፉ።

(በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና አገር

ውቤ የተወለዱት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ፣ አያታቸው ደግሞ ሰሜንን ለረጅም ዘመን የገዙት ራስ ገብሬ ናቸው። ቤተሰቡ ዘሩን ከሰሎሞናውያን ነገሥታት ይቆጥር ነበር። አባታቸው በ1818 ዓ.ም. ሲሞቱ ውቤ ግዛቱን ወረሱ።

የቤተሰቡ ዋና ኃይል አገሩ ራሱ ነበር። ሰሜን ገደላማና ብርዳም ነው፤ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ላይ ምሽግ የያዘን ሰው በቀላሉ ማውረድ አይቻልም። በሌላ በኩል ከምፅዋ ተነሥቶ በዓድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደው ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ የሊማሊሞን ገደል ከወጣ በኋላ ደባርቅና ዳባት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የሰሜን ጌታ መደበቂያም የንግድ በርም ነበረው። ዛሬ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚያልፈው መንገድ የሚያቋርጠው የውቤን የትውልድ ግዛት ነው። ደረስጌም የምትገኘው በጃናሞራ ነው።

ወደ ትግራይ መስፋፋት

በዘመኑ ጎንደር ላይ የነበሩት ነገሥታት ስም ብቻ ሲኖራቸው፣ እውነተኛው ሥልጣን በደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ ራሶች እጅ ነበር። በትግራይ ደግሞ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ወልዱ በርካታ ነፍጠኛ ይዘው ተነሥተው ነበር። ውቤ በሁለቱ መካከል ነበሩ። መጀመሪያ ከሰባጋዲስ ጋር ለመተባበር አሰቡ፤ ነገር ግን ራስ ማርዬ ጉግሳ ቀድመው ሰሜንን ሲወጉ ከትግራይ እርዳታ ስላልደረሰላቸው ለማርዬ ገቡ።

በየካቲት 1823 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ተከዜ አጠገብ ደብረ ዓባይ በተባለው ስፍራ ተጋጠሙ። ውቤ የተሰለፉት ከማርዬ ጋር ነበር። ጠመንጃው በሰባጋዲስ በኩል ቢበዛም የየጁ ፈረሰኛ ድል አደረገ። ራስ ማርዬ በጦርነቱ ሞቱ፤ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ከሁለቱ ኃያላን ሞት ያተረፉት ውቤ ሆኑ፤ ትግራይ ለእርሳቸው ተሰጠች። በኋላ ዋና ትምክህታቸው ያደረጉት ጠመንጃ ባለቤቱን ሳያድን ሲቀር ያዩት በዚህ ጦርነት ነበር።

ጠመንጃና የባሕር በር

ትግራይን ከያዙ በኋላ የባሕሩ መንገድ በውቤ እጅ ገባ። ምፅዋ በቱርኮች ሥር ብትሆንም፣ ወደ ደጋው የሚወጣ ጠመንጃ፣ እርሳስና ባሩድ በግዛታቸው ማለፍ ነበረበት። ውቤ ይህን በር ለማስፋት ሠራዊታቸውን እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ የላኩበት ጊዜም ነበር።

ከአውሮፓውያን ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ከዚሁ ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነው። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ በግዛታቸው እንዲቀመጡ ፈቀዱ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በእንትጮ አካባቢ ሹመት አገኙ። ሌላው ጀርመናዊ፣ ሠዓሊው ኤድዋርድ ሳንደር፣ በውቤ አገልግሎት ከቆዩ በኋላ በቴዎድሮስ ዘመንም በአገሪቱ ኖረዋል። ውቤ ለሃይማኖታቸው ጽኑ ስለነበሩ እንግዶቹን የሚፈልጓቸው ለእምነታቸው ሳይሆን ለዕውቀታቸውና ከመንግሥቶቻቸው ለሚጠበቀው መሣሪያ ነበር።

ባሩድና አረር በእጅ ሲሞላ

የውቤ ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ በአብዛኛው በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ ነፍጥ ነበር። የተዘጋጀ ጥይት የሚባል ነገር አልነበረም። ነፍጠኛው ለእያንዳንዱ ተኩስ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ይጨምራል፤ አረሩን ያስከትላል፤ በዘንግ ጠቅጥቆ ያጠብቀዋል፤ ከዚያም በመለኮሻው ቀዳዳ ጥቂት ባሩድ አድርጎ ገመዱን ያስጠጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ገመዱም ባሩዱም ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ።

ባሩዱ በአገር ውስጥም ይሠራ ነበር። ከሰሉ ከእንጨት፣ ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ሦስተኛው ቅመም ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ናይትሬት ነው። ጥራቱ ግን ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። እርሳስ ሲጠፋ አረሩ ከብረት ይቀጠቀጣል። ብረት ከእርሳስ ይልቅ ቀላል ስለሆነ በርቀት ኃይሉን ቶሎ ያጣል፤ ጠንካራ ስለሆነም የአፈሙዙን ውስጥ ይፍቃል።

ስለዚህ የነፍጠኛው ትልቁ ችሎታ ልክን ማወቅ ነበር። ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃው ትከሻን ክፉኛ ይመታል፤ ያረጀ ብረት ከሆነም ሊፈነዳ ይችላል። ሲያንስ ደግሞ አረሩ ከዒላማው ሳይደርስ ይወድቃል። ዛሬ በውጭ አገር ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ተሽከርካሪ ሽጉጥ ያላቸው ሰዎች ጥይታቸውን ራሳቸው ሲሞሉ፣ እጅ እንዳይመታና ዒላማ እንዳይስት ባሩዱን ቀነስ፣ እርሳሱንም ቀለል የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አረሩ በቀለለና ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሣሪያው ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይልም ይቀንሳል። ልዩነቱ የዛሬው ተኳሽ ሚዛንና የታወቀ ባሩድ ያለው መሆኑ ነው። የውቤ ወታደር ግን የሚተማመነው በእፍኙና በልምዱ ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚታየው ጠመንጃን መቁጠር ብቻውን የሠራዊትን ኃይል እንደማይናገር ነው። አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ነፍጠኛው መከላከያ የለውም። በዚያች ጊዜ የሚጠብቀው ፈረሰኛና ጦረኛ፣ እንዲሁም ተራ ጠብቆ የሚያስተኩስ አዛዥ ያስፈልገዋል።

አቡነ ሰላማና የደብረ ታቦር ጦርነት

አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ያለ ጳጳስ ኖራ ነበር። ውቤ ወደ ግብፅ መልእክተኞች ልከው በ1833 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን አስመጡ። ደ ያቆቢስም ከመልእክተኞቹ ጋር ሄደው ነበር። ጳጳስ ከሌለ ንጉሥ ስለማይቀባ፣ ይህ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ለዙፋን የተደረገ ዝግጅትም ነበር።

በየካቲት 1834 ዓ.ም. ውቤ ጳጳሱን ከጎናቸው አድርገው ራስ ዓሊን ለመውጋት ደብረ ታቦር ድረስ ዘመቱ። የውጊያው ድል የእርሳቸው ሆነ፤ ራስ ዓሊም ከጦር ሜዳው ሸሹ። የውቤ ሠራዊት ግን ድሉን ሲያከብር ጥበቃውን ረሳ። ከዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ሰፈሩ ላይ ደርሰው ውቤን ማረኩ። አሸናፊው በአንድ ቀን ምርኮኛ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ቢመለሱም፣ ጎንደርን የመያዝ ዕድላቸው በዚያ ቀን አመለጠ።

ደረስጌ

ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ውቤ ሰሜንና ትግራይን አጽንተው ያዙ፤ ሀብታቸውንና መሣሪያቸውንም በአምባዎቻቸው ላይ አከማቹ። ደረስጌ ማርያምንም አሠሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት ለገዛ ንግሥናቸው እንደነበር በሰፊው ይነገራል።

በዚያው ጊዜ የቋራው ካሣ ኃይሉ እየገነኑ መጡ። ካሣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ሥርዓት ባለው የግብፅ ጦርና በመድፉ ተመትተው ነበር። ከዚያ ሽንፈት የወሰዱት ትምህርት መሣሪያ የሚጠቅመው የሠለጠነና አንድ ትእዛዝ የሚሰማ ወታደር ሲይዘው መሆኑን ነው። ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀናቃኞቻቸውን በየተራ አሸነፉ፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ሲያደርጉ በሰሜኑ የቀረው ኃያል ውቤ ብቻ ነበር። አቡነ ሰላማም ከካሣ ጋር ተስማምተው ወደ ጎንደር ሄዱ። ውቤ ያስመጡት ጳጳስ ከእጃቸው ወጣ።

ካሣ ውቤን ለመውጋት ወደ ሰሜን ተራራ ወጡ። ጦርነቱ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ አጠገብ ተደረገ። ለብዙ ዓመታት የተከማቸው ጠመንጃ ውቤን አላዳነም፤ ሠራዊታቸው ተፈታ፣ እርሳቸውም ተማረኩ። የአምባዎቹ መሣሪያና ሀብት ለአሸናፊው ሆነ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ በደረስጌ ማርያም ካሣን ቀብተው ቴዎድሮስ በሚል ስም አነገሡ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ጳጳሱም በውቤ ጥረት የተገኙ ነበሩ።

እስርና ሞት

ውቤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥልጣን አልተመለሱም። ዘመዳቸው ንጉሤ በትግራይ ዐምፆ እስከ 1853 ዓ.ም. ድረስ ቴዎድሮስን ቢቃወምም፣ በመጨረሻ ተይዞ ተገደለ። ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ይህ ጋብቻ ሁለቱን ቤቶች ቢያስተሳስርም የውቤን ቤት ወደ ቀድሞ ክብሩ አልመለሰውም።

ውቤ ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ቴዎድሮስ በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት በእሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ወታደሮች በኋላው በኩል የሚጎርስና ተዘጋጅቶ የተሠራ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ባሩድ እየሰፈሩ በአፈሙዝ የመሙላት ዘመን ማለፉ በዚያ ቀን ታየ። ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው ጉዞ ላይ ሞተች፤ ዓለማየሁም በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አርፎ ዊንዘር ተቀበረ።

ትዝታቸው

የውቤ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የቴዎድሮስ የመጨረሻ ተቀናቃኝ ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ ሰሜንንና ትግራይን ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ እጅ የያዙ፣ ጳጳስ ያስመጡና የባሕር በርን ጥቅም ቀድመው የተረዱ መስፍን ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የወንድማቸው ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ የሰሜን ቤት በሌላ መንገድ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቷል። ደረስጌ ማርያምም በጃናሞራ ዛሬም ቆማ ትታያለች።