ሻርል ሜስየና የማይፈልጋቸው ጉሞች

ይህ የአንድ መዝገብ ያዥ ታሪክ ነው። ሰውዬው በሰማይ ላይ የሚያስቸግሩትን፣ ሊያያቸው የማይፈልጋቸውን ነገሮች ዘርዝሮ ጻፈ፤ ዛሬ ስሙ የሚነሣውም በዚያ ዝርዝር ነው። ዓመታቱንና ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ሻርል ሜስየ በ1730 ሎሬን ውስጥ ባዶንቪሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ 10ኛ ልጅ ነበር። አባቱ የሞቱበት ገና በ11 ዓመቱ ስለሆነ ከፍተኛ ትምህርት የሚባል ነገር አላየም፤ ታላቅ ወንድሙ ቤት ውስጥ እያስተማረ አሳደገው። በ1744 ባለ ስድስት ጅራት ኮከብ ታየ፤ በ1748 ደግሞ ፀሐይ ተጋረደች። ልጁ በሰማይ ፍቅር የተያዘው በነዚህ ነው።

በ1751 የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ሥራ ፍለጋ ፓሪስ ገባ። የባሕር ኃይል የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ጆሴፍ ኒኮላ ደሊል ቀጠረው። ምን አስቀጠረው ትላላችሁ? ሒሳብ አይደለም፤ ሒሳብማ በኋላም ቢሆን ሌሎች ናቸው የሚያሰሉለት። ያስቀጠረው የእጅ ጽሑፉ ማማሩና ሥዕል መሳል መቻሉ ነው። የመጀመሪያ ሥራውም የቻይናን ካርታ መገልበጥ ነበር። ደሊል ግን አንድ ትልቅ ነገር አስተማረው፤ ያየውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው ሳያዛንፍ መመዝገብን።

አሁን የምንነግራችሁ በተለይ አስተማሪና ተማሪን የሚመለከት ነው። እንግሊዛዊው ሃሌ አንድ ጅራታም ኮከብ በ1758 ገደማ እንደሚመለስ ተንብዮ ነበር። ደሊል ኮከቡ የሚመጣበትን መንገድ አስልቶ ካርታ ሠራ። ሜስየም በካርታው እየተመራ ከዓመት በላይ ሰማዩን አሰሰ። ካርታው ግን የተሳሳተ ነበር! ዲሴምበር 25 ቀን 1758 ኮከቡን ቀድሞ ያየው ሳክሶኒ ውስጥ የሚኖር ዮሐን ፓሊች የሚባል ገበሬ ነው። ሜስየ ይህን ወሬ ሳይሰማ፣ ከካርታው ወጣ ብሎ ሲፈልግ ጃንዋሪ 21 ቀን 1759 በራሱ አገኘው። ሮጦ ለአለቃው ቢነግር ደሊል ለማንም እንዳይናገር ከለከለው፤ እስከ ኤፕሪል 1 ድረስም ነገሩ ታፍኖ ቆየ። በመጨረሻ ይፋ ሲወጣ አንዳንድ ሊቃውንት አናምንም አሉ። እንደኛ አስተያየት ደሊል የሠራው ካርታ ስህተት ነው ከማለት የልጁን ድካም መደበቅ ቀለለው። ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው የተለየ፣ ግን ትክክለኛ መልስ ይዞ ሲመጣ ምን እናደርግ ይሆን? ለኛ ለእጩ መምህራን ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

በዚያው ፍለጋ ላይ፣ በ1758፣ ሜስየ ሠውር በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ አንድ ጉም መሰል ነገር አየ። ጅራታም ኮከብ መስሎት ተከታተለው። ጅራታም ኮከብ ከሌሊት ወደ ሌሊት ቦታውን ይለውጣል፤ ይሄ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ዳግመኛ እንዳያታልለው ቁጥር 1 ብሎ መዘገበው። ዝርዝሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ወደ ሰንቡላ እንምጣ። የሰንቡላ፣ ማለትም የድንግል ኅብረ ኮከብ፣ በፈረንጆች ጸደይ፣ በኛ በበልግ ወራት ማታ ማታ ከፍ ብላ ትታያለች። ሜስየ በ1771 እዚያ አንድ ጉም አገኘ። በተከታዩ ዓመት ሚስቱ በወለደች በጥቂት ቀን ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። በ1779 አንድ ጅራታም ኮከብ በሰንቡላ በኩል ሲያልፍ በድሬስደን ኮለር፣ በሚላኖ ኦሪያኒ፣ በፓሪስ ሜስየ ሲከታተሉት ጉም በጉም ላይ ሆነባቸው። ሜይ 5 ሜስየ አንዱን ጉም ጅራታሙ ኮከብ ነው ብሎ መዘገበ፤ አለመንቀሳቀሱን የተረዳው ከቀናት በኋላ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ማርች 18 ቀን 1781 ነው። በዚያች አንድ ሌሊት በሰንቡላና በጎረቤቷ 8 ጉሞች መዘገበ፤ አንዱን ጓደኛው መሻን አስቀድሞ አይቶት ነበር። በዚሁ ዓመት 103 ቁጥር የያዘው ዝርዝር ታተመ።

ኖቬምበር 6 ቀን 1781 አንድ መናፈሻ ውስጥ ሲዘዋወር በረዶ ማከማቻ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እጁ፣ ጭኑና የጎን አጥንቱ ተሰበረና አንድ ዓመት ያህል ከሥራ ውጪ ሆነ። በአብዮቱ ዘመን ደሞዙ ተቋረጠ። ሒሳብ የሚያሰላለት ወዳጁ ቦሻር ደ ሳሮን፣ ሜስየ በ1793 ያገኘውን ጅራታም ኮከብ መንገድ እስር ቤት ሆኖ አሰላለት፤ በ1794 አንገቱ ተቆረጠ። ሜስየ በ1817 በ86 ዓመቱ አረፈ።

ያገኛቸውን ጅራታም ኮከቦች ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው። እነዚያ አስቸጋሪ የሰንቡላ ጉሞች ግን እያንዳንዳቸው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የያዙ ጋላክሲዎች ሆነው ተገኙ፤ ይህ የተረጋገጠው በ1920ዎቹ ነው። ቁጥር 87 ወደ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። በመካከሉ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ምስል በ2019 ይፋ ሆኗል። ቁጥር 91 ደግሞ በተጻፈበት ቦታ ስላልተገኘ ለረጅም ጊዜ እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። በ1969 አንድ ቴክሳስ የሚኖር አማተር፣ ሜስየ ርቀቱን የለካው ከቁጥር 89 ሆኖ ሳለ ከቁጥር 58 የለካ መስሎት እንደነበር ደረሰበት። ምስጢሩን የፈታው ያው የሜስየ መዝገብ ነው።

ሜስየ እነዚህ ጉሞች የሚታዩት ሰማዩ ሲጠራና ከፍ ሲሉ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ፓሪስ ላይ ከሰማዩ አጋማሽ ብዙም አያልፉም። ከጎንደር ለሚያይ ግን ቁጥር 87 ልክ አናት ላይ ይውላል። የሱ መሣሪያዎች ከዛሬ 10 ሳንቲ ሜትር የአማተር ቴሌስኮፕ የሚበልጡ አልነበሩም። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ያገኘ ሰው በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ከከተማ መብራት ራቅ ብሎ ይሞክር። በአንበሳው ጭራ ባለችው ዴኔቦላና በሰንቡላዋ ቪንደሚያትሪክስ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ያነጣጥር። መስተዋት ላይ እፍ ያሉት ትንፋሽ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። ካልታየ አፍጥጦ ማየት አይረዳም፤ ዓይንን ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ነው።