የአርባ ልጆች መምህር

እኛ በማኪንድዬ የምናድግ ልጆች የኡጋንዳን ብሔራዊ መዝሙር ከኡጋንዳውያን ጓደኞቻችን ጋር እንዘምራለን። ዜማውን የደረሱት ጆርጅ ካኮማ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ማን እንደደረሰው ስንጠይቅ ግን መልሱ አስገረመን። ደራሲው ከሩቅ አገር የመጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ ስማቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል።

ኬቮርክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1887 ዛሬ በቱርክ ውስጥ በምትገኘው በአይንታብ ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ነው። ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት ሥር ይኖሩ የነበሩ አርመኖች በጅምላ ተጨፈጨፉ፤ የተረፉትም በየአገሩ ተበተኑ። ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ተጠለሉ።

በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በገዳሙ ያሉትን ልጆች ሲያዩ አንጀታቸው ተላወሰ፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እስከ ዛሬ አርባ ልጆች እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። ኬቮርክም የሙዚቃ መምህራቸውና መሪያቸው ሆነው መጡ።

የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ልከው ነበር። የአርባ ልጆች ባንድ ግን የመንግሥቱ ይፋዊ ባንድ ሆነ። እናትና አባት የሌላቸው ልጆች በሰው አገር፣ በአንድ መምህር እጅ፣ የሙያ ባለቤት ሆኑ።

ኬቮርክ የመዝሙሩን ዜማ የደረሱት በ1926 ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ እንደሆነ ይነገራል። መዝሙሩ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ የዘውዱ ሥርዓት እስከ ወደቀበት ጊዜም ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ኬቮርክ ሙያውን ለቤተሰባቸውም አወረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መሩ፤ ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ለአፍሪካ የተዘመረው መዝሙር የነርሲስ ድርሰት ነበር። አጎታቸው ኬቮርክ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ መዝሙር ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የኬቮርክን ዜማ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚዘምረው የለም፤ ስማቸውንም ብዙዎቻችን ይህን ጽሑፍ እስክናዘጋጅ ድረስ አናውቀውም ነበር። አገራቸውን ያጡ ሰው የተቀበለቻቸውን አገር ድምፅ ሰጧት። እኛም በሰው አገር የምንማር ነንና ይህ ታሪክ ከልባችን ገብቷል። ለመሆኑ እኛስ ለኡጋንዳ ምን እንተውላት ይሆን?

እስከዚያው ግን አንድ ነገር እናድርግ። አገር ቤት ላሉት አያቶቻችን ስንደውል በልጅነታቸው በሰልፍ ሜዳ የዘመሩትን መዝሙር እንጠይቃቸው። ዜማውን አይረሱትም፤ ያንጎራጉሩልናል። የምንሰማውም የአርባ ልጆችን መምህር ሥራ ነው።