ሰጪውም ነሺውም እግዚአብሔር ነው

መንግሥት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ አደራ እንጂ በትውልድ ሐረግ ወይም በክንድ ብርታት የሚያዝ ርስት አለመሆኑን ለመረዳት፣ ሩቅ ሳንሄድ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ መመልከት ይበቃናል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለደ። በልጅነቱም በገዳም ተማረ። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቁት ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ፣ ለጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ ቀርቶላቸው መሳፍንቱ አገሪቱን ተከፋፍለው ይዋጉ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ደጃዝማች ውቤ፣ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጥተው፣ ደረስጌ ማርያምንም አሳንጸው፣ ዘውድ ሊጭኑባት ይጠባበቁ እንደ ነበር ይነገራል።

ነገር ግን ሰው ያስባል፤ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ካሣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ። ውቤ ባሳነጿት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ያ የተናቀው ልጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

ዐፄ ቴዎድሮስም የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ፣ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት፣ መንገድ ለማሠራት ደከሙ፤ ይህን ውለታቸውን ማንም አይክድም። ኋላ ግን ሽፍትነት በበዛ ጊዜ ቍጣቸው ከፍርዳቸው በለጠ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አስቃጠሉ። ቀብተው ያነገሧቸው አቡነ ሰላማም በመቅደላ እንደ ታሰሩ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። በጋፋት የተሠራው፣ በብዙ ሕዝብ ድካም ተራራ ለተራራ የተጎተተው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል አላዳናቸውም። በስቅለት ዕለት ሠራዊታቸው በእሮጌ ድል ሆነ፤ በትንሣኤ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በጠላት እጅ መያዝን እንቢ ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ።

ይህን የምናነሣው በወደቀው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የአንዱ የእግዚአብሔር ነውና። የጀመሩት የአንድነት ሥራም ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ በኋላ በተነሡት ነገሥታት እጅ ቀጠለ። መሣሪያው ይሰበራል፤ የእግዚአብሔር ሐሳብ ግን አይሰበርም።

እንግዲህ የተናቀውን ያነሣው አምላክ ከፍ ያለውንም እንደሚያወርድ ዐውቀን፣ ስለ መሪዎቻችን እንጸልይ። እኛም በቤታችን፣ በልጆቻችንና በሠራተኞቻችን ላይ የተሰጠችንን ጥቂት ሥልጣን በቍጣ ሳይሆን በምሕረት እንጠብቅ፤ እርሷንም ቢሆን ሰጪው ይጠይቀናልና።