ከሸራ መወጠሪያ ቴሌግራፍ የሠራው ሠዓሊ

ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አንድ የእንጨት ፍሬም አለ። ሠዓሊዎች ሸራ የሚወጥሩበት ዓይነት ነው። ሸራ ግን የለበትም፤ ማግኔት፣ የሰዓት ሞተር፣ እርሳስና የወረቀት ጥቅል ተገጥሞበታል። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1837 የቴሌግራፍ መቀበያውን የሠራው ከዚህ ነው።

እኛ በአገር ቤት ጋዜጣ ስናዘጋጅ የውጭ ዜና በቴሌፕሪንተር እየተንጣጣ ሲመጣልን፣ የዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ሰውዬ እስከ 46 ዓመቱ ኑሮው ሥዕል እንደነበረ አናውቅም ነበር።

ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1791 በማሳቹሴትስ፣ ቻርልስታውን ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በየል ኮሌጅ ስለ ኤሌክትሪክ ትምህርት ሰማ፤ ቀጥሎ ለንደን ሄዶ ሥዕል ተማረ። በ1822 የአሜሪካን የተወካዮች ምክር ቤት በማታ፣ መብራት ሲለኮስ ሣለው። ከ80 በላይ ሰዎች በየመልካቸው ያሉበት ትልቅ ሥራ ነው፤ ከፍሎ የሚያየው ሕዝብ ግን አልተገኘም።

በ1825 ዋሽንግተን ሆኖ የፈረንሳዩን ጄኔራል ላፋዬትን ሲሥል፣ ባለቤቱ ሉክሪሺያ ኒው ሄቨን ውስጥ አረፈች። መርዶው በደብዳቤ ደረሰው። እቤቱ ሲደርስ ቀብሯ አልፏል። በስደት ላይ ላለን ለእኛ ይህን ማስረዳት አያሻም። ቴሌግራፍን ያሰበው በዚህ ኀዘን ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም በመካከሉ ሰባት ዓመት አለና እኛ አንደፍርም።

ይልቅስ መንገዱን ያሳየን የሉቭር ሙዚየም ነው። በ1831 ፓሪስ ገብቶ የታላላቅ ሠዓሊዎችን 38 ሥራዎች፣ ሞና ሊዛን ጨምሮ፣ እያሳነሰ በአንድ ሸራ ላይ መገልበጥ ጀመረ። በ1832 ኮሌራ ከተማዋን ሲያምስም ሥራውን አላቋረጠም። ምኞቱ ባሕር ለመሻገር አቅም የሌለው ያገሩ ሰው ሉቭርን ባለበት እንዲያይ ነበር። የራቀውን አሳንሶ፣ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ማድረስ፤ ቴሌግራፍስ ከዚህ ሌላ ምን ሠራ?

በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሲመለስ በመርከብ ላይ ስለ ኤሌክትሮማግኔት ወሬ ተነሣ። ሐሳቡን በሥዕል ደብተሩ ላይ ነደፈው። የሉቭሩ ሥዕል በ1833 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ ቢቀርብም ገበያ አጣ (በ1982 ግን በ3.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል)። በ1837 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻን ከሚያስጌጡት ሠዓሊዎች መካከል ሳይመረጥ ሲቀር ብሩሹን ጣለ። በአልፍሬድ ቬይልና በሊዮናርድ ጌል እርዳታ፣ በጆሴፍ ሄንሪም የቀደመ ምርምር ላይ ተመሥርቶ፣ በመንግሥት 30,000 ዶላር በ1844 ዋሽንግተንን ከባልቲሞር በሽቦ አገናኘ።

ሰውየውን ግን አናቆላምጠው። ስደተኞችን፣ ይልቁንም ካቶሊኮችን፣ አምርሮ ይጠላ ነበር። በ1836 ለኒው ዮርክ ከንቲባነት የተወዳደረው ስደተኛ ጠል በሆነ ፓርቲ ስም ነው፤ ከ2,000 ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመንም ባርነትን ደግፎ ጻፈ። ርቀትን ያሳጠረ እጅ፣ በሩን ለመዝጋትም ያን ያህል ደከመ። ሥራውን ስናደንቅ ይህን መደበቅ የለብንም፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እኛም ስደተኞች ሆነን ነው የምናነበው።

ሞርስ በ1872 በ80 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። የምክር ቤቱ ሥዕል ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ፍሬሙ ወዳለበት ሙዚየም በእግር ቅርብ ነው። ለሁለቱም መግቢያ አይከፈልም።